የቤቱን ልጅ ሌባ ላሉት ለእህቴ አንጀት ዘብ

ቀን፦ ባርኮት ሾርባ ጠጥታ ያልመለሰችበት ማለዳ
ቁጥር፦ የለውም (የድንች ማኅተሜ በስብሷል)

ለክቡር የበሽታ መከላከያ ሥርዓት
የባርኮት ሰውነት ዋና መሥሪያ ቤት፣ የትልቁ አንጀት ቅርንጫፍ
የካ ክፍለ ከተማ፣ ወሰን

ጉዳዩ፦ የገዛ ቤትዎን መደብደብዎን እንዲያቆሙልን በትሕትና ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ለተቀባዩ ጤና መመኘት ወግ መሆኑን ባላጣውም፣ ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምመኝ ግራ ገብቶኝ ይኸው የእስክሪብቶዬን ጫፍ ሳኝክ አረፈድኩ። ብርታትና ጉልበት ይስጥልኝ እንዳልል፣ እርስዎ በበረቱ ቁጥር አልጋ ላይ የምትወድቀው እህቴ ናት። ስለሆነም በሙሉ አክብሮት ትንሽ ድካም፣ ትንሽ ማዛጋት፣ ከተቻለም እዚያው ጥበቃ ቤትዎ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጡ ሸለብ ማድረግን እመኝልዎታለሁ። ጭልጥ ያለውን እንቅልፍ ግን አልመኝልዎትም፤ ሐኪማችን ዶክተር ዳርቱ እንዳስረዱን እርስዎ ጨርሰው ከተኙ ጉንፋኑም የሳንባ ምቹም በሩን በርግዶ ይገባል። አንድ ዓይንዎን ገለጥ አድርገው ይተኙልን። ጎረቤቶችዎ ጉበትና ኩላሊት እንደምን ሰንብተዋል? ይፈሩዎታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። ስሜ ምንያህል ነው። ወሰን፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ካለው ግቢ ነኝ፤ ከአሥረኛ ክፍል ጋር በሰላም ተለያይቼ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ በመማር ላይ እገኛለሁ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀኝ ግን በሙያዬ ሳይሆን በማስታወቂያዎቼ ነው። «ለክቡራን ነዋሪዎች፤ ውኃ ዛሬ ከሰዓት ስለሚለቀቅ ጄሪካንዎን ይዘው ይሰለፉ» የሚለውን፣ ከድንች በቀረጽኩት ማኅተም አሳምሬ የግቢያችን በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ውኃ በሌለበት ተሰልፈው የዋሉት እነሱ ናቸው። እናቴ ወይዘሮ ዘቢደር ሳትቀር ጄሪካኗን አጥባ ተሰልፋ ነበር። ስለዚህ ይህንንም ደብዳቤ እዚያው በር ላይ ስለጥፈው ጎረቤቶቼ ገና ከርዕሱ መሳቅ እንደሚጀምሩ አውቃለሁ። ይሳቁ። ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ግማሹን አንብቦ መተው ምን እንደሚያስከትል እዚሁ ውስጥ ተጽፏል።

ጉዳዬ ስለ ታላቅ እህቴ ስለ ባርኮት ነው። ኮተቤ መምህርነት የምትማር፣ ልትመረቅ ትንሽ የቀራት ልጅ ናት። ይህን ስጽፍ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ትልቁ አንጀቷ በቀዶ ሕክምና ይወጣል ወይስ በቦታው ይቆያል የሚለው ነገር እስካሁን አልለየለትም። ነገሩን እዚህ ያደረሱት ሁለት ጥፋተኞች ናቸው። አንደኛው እርስዎ ነዎት። ሁለተኛውን ወረድ ብለን እናገኘዋለን።

አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከሁሉ አስቀድሜ ለትጋትዎ ያለኝን አድናቆት መግለጽ እወዳለሁ። የሻይ ሰዓት ሳይኖረው፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሳይባል፣ በዓልና እሑድ ሳይል የሚሠራ መሥሪያ ቤት በሕይወቴ ያየሁት የእርስዎን ብቻ ነው። ችግሩ የሚሠሩት ሥራ ነው። የተቀጠሩት ከውጭ የሚመጣውን በሽታ እንዲመልሱ ሆኖ ሳለ፣ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ባይታወቅም ፊትዎን ወደ ውስጥ አዙረው የእህቴን አንጀት ይደበድባሉ። ዶክተር ዳርቱ እንደነገሩን በሰው ሁሉ አንጀት ውስጥ ቤተኛ የሆኑ፣ ምግቡን በማብላላት የሚያግዙ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ሌላው ሰው ዘንድ የተመደበው ባልደረባዎ እነዚህን እንደ ጎረቤት ሰላም ብሎ ያልፋቸዋል። እርስዎ ግን እነሱንም፣ የአንጀቷንም ግድግዳ፣ ያገኙትን ሁሉ እንደ ሌባ ቆጥረው ይወርዱበታል። ግድግዳው ይቆስላል፣ ይደማል። መድማቱን ሲያዩ ደግሞ «ይኸው፣ ጠላት ገብቷል አላልኳችሁም?» ብለው ተጨማሪ ጦር ይጠራሉ። እኔ በሙያዬ ባለቤቱ በገዛ ቁልፉ ሲከፍት የሚጮህ የመኪና አላርም አይቻለሁ፤ ባለቤቱን የሚነክስ አላርም ግን ገና ከእርስዎ አየሁ። ለምን እንዲህ እንደሆኑ ብጠይቅ ዶክተሯ «በዘር የሚመጣም አለበት፣ ከአካባቢም አለበት፣ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ ተጠንቶም አላለቀም» አሉኝ። እርስዎ ራስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ ቢጽፉልን እናመሰግናለን።

በዚሁ አጋጣሚ አሜባን በይፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእርስዎ ጥፋት ስንት ጊዜ የተከሰሰው እሱ ነው። የባርኮት ሆድ በቆረጠ ቁጥር ክሊኒክ ትሄዳለች፣ በትንሿ ዕቃ ናሙና ትሰጣለች፣ «አሜባ ነው» ትባላለች፣ ኪኒኑን ውጣ ትመለሳለች። አንዳንዴ ለለውጥ ያህል ታይፎይድ ይሆናል። የግቢያችን ትልቅ ሰው እማማ በለጡ «አሜባ እኮ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ እንደ ክፉ ተከራይ ነው» ይሉ ነበር። ደም ስታይ ነው ትልቅ ሆስፒታል ሄዳ፣ የአንጀት ነቀርሳ አለመሆኑ ተጣርቶ፣ ካሜራ ገብቶ የእርስዎ የእጅ ሥራ የተገኘው። ፎቶውን አሳይተውናል። አስፋልቱ ተልጦ መንገድ ሠሪዎቹ የጠፉበት ሰፈር ይመስላል።

ሁለተኛ። ከኮተቤ መገናኛ ባለው መንገድ ላይ ስላደረሱባት በደል። እህቴ በእርስዎ ምክንያት በዚያ መንገድ ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ በቃሏ ታውቃለች፦ ቁልፉ ከእንጨት ማንኪያ ጋር የታሰረበትን ካፌ፣ «መጀመሪያ እዘዢ» የሚሉበትን፣ ጥበቃው ፊቷን አይቶ ሳይጠይቅ የሚከፍትላትን። ታክሲ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አትቀመጥም። አንድ ቀን ገና ከመሳፈሯ «ወራጅ አለ!» ስትል ረዳቱ «እናት፣ አሁን አይደል እንዴ የገባሽው? መኪና ልትቀምሺ ነው?» አላት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። «ተዋት ባክህ፣ ቱሪስት ናት፤ በየፌርማታው እየወረደች ፎቶ ትነሳለች» ብዬ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። የሳቀው ሰው እንደገና ሳቀ። እሷ ወርዳ ወደዚያ ካፌ እየሮጠች ስትሻገር ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ይህ በደል ሙሉ በሙሉ በእርስዎ ስም እንዲያዝ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን መልሼ ሳነበው ግን ግማሹ የኔ ነው። እንካፈለው።

ሦስተኛ። ስለ ፊቷ። እርስዎን ለማብረድ የታዘዘላት መድኃኒት የባርኮትን ፊት ክብ አድርጎ ነፋው። ዶክተሯ አስቀድመው «ይህ የመድኃኒቱ ነው፣ መጠኑን ቀስ እያልን ስንቀንስ ይመለሳል፤ በራስሽ ፈቃድ ግን አንድ ቀን እንዳታቋርጪ፣ ድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ ነው» ብለዋት ነበር። ሰፈሩ ይህን ከየት ይወቅ? ሆዷን ይዛ ተጣጥፋ የዋለችን ልጅ «ተመቸሽ እኮ! ለእኛም ንገሪን እንጂ» ይሏታል። እኔ ደግሞ ስም አወጣሁላት፤ «ድፎ»። በገባች ቁጥር «ድፎ መጣች፣ ኮባ አዘጋጁ!» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። ኋላ በነጠላዋ ጉንጯን መሸፈን ጀመረች። የማስተማር ልምምድ ልትወጣ ባለችበት ሰሞን መስታወት ፊት ቆማ ጉንጮቿን ወደ ውስጥ እየሳበች «እንደምን አደራችሁ ተማሪዎች» ስትል ደረስኩባት። ከበሩ ሆኜ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ ድፎ!» አልኳት። ለቀልዱ ያህል ጥሩ ነበር። አሁን ግን ማን እንደሳቀ ለማስታወስ ብሞክር ከራሴ በቀር ማንም ትዝ አይለኝም።

አራተኛ። ይህን ቁጥር ስጽፍ እጄ ከበደኝ፤ ከዚህ በታች ያሉት አቤቱታዎች በእርስዎ ላይ መሆናቸው አጠራጣሪ ነውና።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ኮሮና ከመጣ ወዲህ «ኢሚዩኒቲ» የሚለው ስምዎ በግቢያችን ከጨውና ከበርበሬ እኩል የወጥ ቤት ቃል ሆኗል። ዝንጅብል ለኢሚዩኒቲ፣ ነጭ ሽንኩርት ለኢሚዩኒቲ፣ ፌጦ በሎሚ ለኢሚዩኒቲ። እማማ በለጡ በዚያን ሰሞን ያፈሉልን የነበረው ነገር ጉሮሮ ሲያልፍ የኔን የመሰለ ለፍላፊ እንኳ ዝም ያሰኝ ነበር። በአጭሩ እኛ ዘንድ ኢሚዩኒቲ እንደ ደመወዝ ነው፤ አንሶ ያውቃል እንጂ በዝቶ አያውቅም። በዛ ብሎ የታመመ ሰው አለ ቢሉን ማን ያምናል?

ታዲያ አንድ ከሰዓት የባርኮትን መድኃኒት ስም ስልኬ ላይ ጽፌ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። «የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ይቀንሳል» ይላል። ሁለተኛውን መስመር አላነበብኩም። ደሜ ፈላ። ሮጬ ለእማማ በለጡ ነገርኳቸው። «ውይ በሞትኩት! ልጅቱን እየገደሏት ነዋ! መከላከያ ቀንሶ የዳነ ማን አለ?» አሉና፣ ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው እንዳይሰማ ደግሞ፤ ሌላ ነገር ይመስለዋል» ብለው ጨመሩ። ያ «ሌላ ነገር» ምን እንደሆነ ሰፈራችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ መከላከያዋ ቀነሰ ሲባል በሹክሹክታ የሚጠራው በሽታ አንድ ብቻ ነው። እውነቱን ልናገር ክቡር ሆይ፤ ያስደነገጠኝ የእህቴ መታመም ብቻ አልነበረም። ወሬውም ነበር። ጋራዥ ውስጥ በሰው ሁሉ የማስቀው እኔ፣ አንድ ቀን የሚሳቅብኝ እንዳልሆን ፈራሁ። እህቴን ከመድኃኒቱ ላድን ነው ብዬ ስነሳ፣ ከጎኗ ራሴን ከወሬ ላድን ተነስቼ ነበር።

በግልጽ ብነግራት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ መምህርት ናት፣ ምንጩን ትጠይቀኛለች። ስለዚህ የማውቀውን ሙያ ተጠቀምኩ። ኪኒኖቿ በትንሽ ላስቲክ ተደርገው ኮመዲኖው ላይ ይቀመጣሉ። እነሱን አወጣሁና መልካቸው የሚመሳሰል ቫይታሚን ተካሁበት። ቫይታሚን መምረጤን ልብ ይበሉልኝ፤ ክቡርነትዎን ላጎለብት ብዬ ነው። እውነተኞቹን ኪኒኖች መጣል አልሆነልኝም፤ ባዶ የማስቲካ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ጋራዥ ከፊውዞቹ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እሷ አዲስ ኪኒን ባመጣች ቁጥርም እንደዚያው አደረግሁ። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ቀልዶች ሁሉ ያለ ማኅተምና ያለ ማስታወቂያ ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው። እንዲሳቅበት አልፈለግሁም። እንድትድንልኝ ነበር የፈለግሁት።

መጀመሪያ በቀየርኩበት ማለዳ ባርኮት ኪኒኗን ውጣ ፊቷ በራ።

«ምኔ፣ ታምናለህ? ዛሬ እኮ አልመረረኝም!»

«ለምደሽው ነው» አልኳት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ያቆሰሉት አንጀት በካሜራ ይታያል። ይህች «ለምደሽው ነው» የተባለች ነገር የት ቦታ እንደቆመች በምን እንደሚታይ አላውቅም፤ እዚሁ ጉሮሮዬ አካባቢ ናት።

አምስተኛ። ለሰጡኝ የአጭር ጊዜ ድል ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቀናት ሲያልፉ የባርኮት ፊት ጎደለ፣ የድሮው አገጯ ብቅ አለ። እማማ በለጡ «አየህ! መርዙ ወጣላት» አሉኝ፤ እኔም ጋራዥ ለጋራዥ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። ለካ ያን ጊዜ እርስዎ ያዥ ገላጋይ እንደሌለዎት አውቀው ጦርዎን እያሰባሰቡ ነበር። ድካሙ ቀድሞ መጣ፤ የግቢያችንን አጭር ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቀመጥ ጀመር። ከዚያ ሆዱ መጣ። ከዚያ ደሙ። በመጨረሻ ልምምድ በምታስተምርበት ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘች ተማሪዎቿ ፊት ወደቀች።

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ዳርቱን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና እንደ አዋቂ «ዶክተር፣ ኢሚዩኒቲዋ ወርዶ ይሆን እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወርዶ?» አሉኝ። «የኔ ወንድም፣ ቢወርድ ኖሮ እኮ እዚህ ባልተኛች። መድኃኒቱን የሰጠናት እሱን ለማውረድ ነው። ዘበኛው ሌባ አይቶ አይደለም የሚደባደበው፤ የቤቱ ልጅ ሌባ መስሎት ነው። እኛ ዘበኛውን እናረጋጋለን። ምን ዋጋ አለው፣ መድኃኒቱ አልሠራላትም። እንዲህ ከቀጠለች አንጀቷን ከማውጣት ሌላ ምርጫ የለንም።»

መድኃኒቱ አልሠራላትም! መድኃኒቱ እኮ ከፊውዝ ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው! ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ እናቴ እንጦጦ ራጉኤል ወጥታ ተሳለች፤ ልጇ አንጀቷ ሳይነካ ከዳነችላት ጥላ ልታስገባ። አብሬያት የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጸበሉን ተሸክሜ ቁልቁለቱን የወረድኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ባሕር ዛፎቹ ሥር አረፍ አለችና «ምነው ራጉኤል ጨከነብኝ? ሐኪሙ ያለውን እያደረግን፣ ኪኒኗን አንድ ቀን ሳታጓድል...» ብላ ሳትጨርሰው አለቀሰች። ጄሪካኑን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዞርኩት። ከዚያ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም። ክቡር ሆይ፣ ራጉኤል ሰምቷት ይሆናል። መልሱን ኮመዲኖ ላይ አግኝቼ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ። ይህኛው በማንም ላይ አይደለም፤ እንዲያው ይመዝገብልኝ። እውነት መናገር ሲገባኝ የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። እናቴን ሆስፒታሉ በር ላይ «እማ፣ መድኃኒቷን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ዛሬ እንኳ ተወን ልጄ፤ ዛሬ እንኳ» ብላኝ ፊቷን አዞረች። ጋራዥ ሄጄ ለሥራ ባልደረባዬ ለሱፊያን ብነግረው «ይቺ አታስቅም፣ ሌላ ፈልግ» አለኝና ሥራውን ቀጠለ። መሳቢያውን ስቤ የማስቲካውን ቆርቆሮ ከፈትኩለት። አየው። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ተነስ» አለኝ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሆስፒታል እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሱፊያን ማለት ደግሞ ሲያዛጋ እንኳ የሚያወራ ሰው ነው።

ዶክተር ዳርቱ ኪኒኖቹን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው አዩ። የማስቲካ ሽታ ሸተተ። «ከመቼ ጀምሮ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ እመልሳለሁ፣ ዝምታ ግን አልተማርኩም። «መድኃኒቱ አልከሸፈም ማለት ነዋ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው፣ ወደ ነርሶቹ እየፈጠኑ። በዚያው ሰዓት በደም ሥሯ መስጠት ጀመሩ። ቀዶ ሕክምናውን «ለጊዜው እናቆየው፣ ምላሿን እንይ» አሉ። ሲመለሱ አጠገቤ ቆሙና «ለእህትህ እኔ አልነግራትም» አሉኝ። «አንተ ነህ የምትነግራት።»

ነገርኳት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ከስልኩ እስከ ቆርቆሮው አንድ በአንድ ነገርኳት። በከንፈሯ ጫፍ ፈገግ ብላ አዳመጠችኝ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።

የቀልዱን መጨረሻ እየጠበቀች ነበር።

ከዚያ በኋላ የለም አልኳት። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቷ ሲሄድ አየሁት። ጎማ ሲተነፍስ እንኳ ድምፅ አለው።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። እርስዎን ስከስ የተጠቀምኩበትን ቃል ሁሉ መልሼ ብቆጥረው ለኔም ልክ ይመጣል። እጠብቃታለሁ ብዬ ደበደብኳት። በገዛ ቤቷ መድኃኒቷን እንደ ሌባ ቆጥሬ አሳደድኩ። መድማቷን ሳይም ዝም ብዬ ጨመርኩበት። በመካከላችን ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፦ እርስዎ ዓይን የለዎትም፣ ፊደል አልቆጠሩም፣ የሚያስረዳዎት ዶክተር ኮሪደር ላይ አልቆመልዎትም። እኔ ግን ዓይንም፣ ፊደልም፣ ስልክም ነበረኝ፤ ሁለተኛው መስመር ከአውራ ጣቴ ሥር ነበር። ከእኛ ከሁለታችን ይቅርታ የሚደረግለት ቢፈለግ፣ ሳልወድ በግዴ፣ እርስዎ ይቀድማሉ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ዶክተሯ ይህ በሽታ አንዴ ታክሞ የሚረሳ ሳይሆን እየበረደ እየተነሳ አብሮ የሚኖር ነው ብለውናል፤ ስለዚህ ለዘላለም ይጥፉልን አልልም፣ ቢጠፉም ሌላ ጉድ ነው። ይብረዱ ብቻ። ደሙ መቀነስ ጀምሯል፤ ሾርባ ጠጥታለች። ሐኪሞቹ ገና «ዳነች» አላሉም፣ «እያየን ነው» ነው የሚሉት፤ አንጀቷ ግን እስከዛሬ ጠዋት በቦታው አለ። መድኃኒቱ ሲመጣ «ማነህ?» ሳይሉ ያሳልፉት። ድሮም ሊያረጋጋዎት የተላከ ነው እንጂ ሊገድልዎት አይደለም። ለመደባደብ እጅዎን ከበላዎት ደግሞ አድራሻዬ ከላይ ተጽፏል። ሆዴ ጤነኛ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከሰው የሚደበቅበት ነገርም አልቀረውም።

ለትዕግሥትዎ ሳይሆን ለሚኖርዎ ትዕግሥት በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣
ያለ ቅጥር ደብዳቤ፣ ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ፈቃዱ ለተወሰነ ጊዜ የክቡርነትዎ ወታደር ሆኖ ያገለገለውና አሁን መልቀቂያውን ያስገባው፣

ምንያህል
ወሰን፣ ከጋራዦቹ ጀርባ

ግልባጭ፦
ለአሜባ፤ ክሱ መነሳቱን እንዲያውቀው።
ለእማማ በለጡ፤ ዝንጅብሉ ለጉንፋን ብቻ እንዲውል፣ እንዲሁም ሹክሹክታው ለሌላ ቤት እንዳይተርፍ፤ ያን ሌላ በሽታ የያዘውም ሰው ቢሆን ኪኒኑን ውጦ ይኖራል እንጂ በሹክሹክታ አይድንምና።
ለታክሲ ረዳቱ፤ «ወራጅ አለ» የሚል ሰው ሁሉ ቱሪስት አለመሆኑን እንዲገነዘብ።
ለእናቴ ለወይዘሮ ዘቢደር፤ የስለቷ ቀን ሲደርስ ጥላውን ተሸክሜ ዳገቱን የምወጣው እኔ መሆኔ እንዲታወቅ።
ለባርኮት ግልባጭ አልላክሁም። ዋናውን ነው የሰጠኋት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን በር ላይ ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች። አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከመርፌው ወደ ኪኒን ስለመለሷት፣ ነርሷ መድኃኒቷን ስታመጣላት ወዲያው አትውጥም። እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ከዚያ በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች። መምረሩን ካረጋገጠች በኋላ ነው የምትውጠው፤ ይህን ስታደርግም ዓይኗ ከኔ ላይ አይነሳም። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቤተኛውን ከባዕድ መለየት እንዴት እንደሆነ ግራ ከገባዎት ከእሷ ቢማሩ ይሻላል። እሷም እንደ እርስዎ የቤቱን ልጅ ጠርጥራለች፤ ግን አልተሳሳተችም።